ቤዝመንትን ከውጭ ማዳን፦ ሸክላ አፈርን ለውሃ መከላከያ የመጠቀም ሙያ

ክረምት በገባ ቁጥር ብዙ የአዲስ አበባ ቤዝመንቶች ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት መስመር እርጥበት ይወጣል፤ ቀለሙ ያብጣል፤ ልስኑ ነጭ ጨው አውጥቶ ይፈረፈራል፤ ሐምሌ ሲጋመስ ወለሉ ላይ ውሃ ይቋጠራል። ባለቤቱ ግንበኛ ይጠራል። ግንበኛው የተላጠውን አራግፎ፣ ውሃ ይከላከላል የተባለ ዱቄት ከስሚንቶ ጋር ደባልቆ እንደገና ይለስነዋል። በጋውን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይከርምና በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ቦታ ላይ ያብጣል። ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል፤ የባለሙያው ስምም አብሮ ይጎዳል።

ይህ ምክር ለግንበኞች፣ ለፎርማኖች፣ ለቆፋሪዎችና ቤታቸውን ቆመው ለሚያሠሩ ሰዎች ነው። ዋና ሐሳቡም አንድ ነው፦ ውሃን ማቆም ያለብን ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት፣ ከውጭ በኩል ነው። ለዚህም በደንብ የተመረጠ፣ በልኩ የረጠበና በየሌየሩ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር የታመነ ቁስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ያ ሁሉ ጉልበት መሬት ቆፍሮ መልሶ ከመድፈን አይለይም።

ለምን ከውጭ?

አፈር ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይገፋል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በካሬ ሜትር አንድ ቶን ያህል ይጫናል። 3 ሜትር ጥልቀት ባለው ቤዝመንት ዙሪያ ያለው አፈር እስከ ላይ በውሃ ከተሞላ፣ የግድግዳው ግርጌ ከውሃው ብቻ በካሬ ሜትር 3 ቶን ይሸከማል። ከውስጥ የተለሰነ ልስን ይህን ግፊት የሚቀበለው ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ውሃው ቀስ በቀስ ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ከውጭ የተሠራ መከላከያን ግን ያው ግፊት ግድግዳው ላይ ይበልጥ ያጣብቀዋል። የውሃው ጉልበት ለሥራችን ያገለግላል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ከውስጥ ብቻ ሲዘጋ ግድግዳው ራሱ ውሃ እንደ ጠጣ ይቀራል። ድንጋይ ከሆነ በመገጣጠሚያው ያለው ስሚንቶ እየታጠበ ይሳሳል፤ ኮንክሪት ከሆነ ውስጡ ያለው ፌሮ ይዝጋል። ከውጭ የተዘጋ ግድግዳ ደርቆ ይኖራል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ሸክላ ውሃን እንዴት ያቆማል?

የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሱ፣ ስስና ዝርግ ናቸው። ውሃ ሲያገኙ ገጻቸው ላይ አጥብቀው ይይዙታል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እጅግ ይጠባል። በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላ ውሃ የሚያሳልፍበት ፍጥነት በሰከንድ ወደ አንድ ቢሊዮንኛ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ይህም የውሃው ከፍታ ከሸክላው ውፍረት ጋር እኩል ሲሆን በዓመት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ማለት ነው። በንጹሕ አሸዋ ውስጥ ግን ያው ውሃ በአንድ ቀን ብዙ ሜትር ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ያዙ። የውሃው ግፊት 5 እጥፍ ሲሆን የሚያልፈውም ውሃ 5 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሸክላ ብቻውን ቆሞ ውሃን እንዲታገል አይተውም፤ ሁልጊዜ ከማፋሰሻ ቱቦ ጋር ይጣመራል። ሸክላው ውሃውን ከግድግዳው ያርቃል፤ ቱቦው ደግሞ ሳይጠራቀም ወስዶ ያስወግደዋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1761 የተከፈተውን የእንግሊዝ የብሪጅወተር ቦይ የሠራው ጄምስ ብሪንድሊ ውሃው እንዳይሰርግ ያደረገው በውሃ ታሽቶ በተጠቀጠቀ ሸክላ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ደንብ የከተማ ቆሻሻ በሚቀበርበት ጉድጓድ ሥር 60 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላ እንዲነጠፍ ታስገድዳለች፤ በላዩም የፕላስቲክ ንጣፍ ይደረብበታል። ሸክላው የሚታመነው የከርሰ ምድር ውሃን ከመርዛማ ፍሳሽ ለመጠበቅ ነው።

የትኛው ሸክላ? ዋልካን ተዉት

አገራችን ላይ ትልቁ ስሕተት እዚህ ይፈጸማል። በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በአያትና በአቃቂ በኩል ሲቆፈር የሚወጣው ጥቁር ዋልካ ሸክላ ነው፤ ውሃም በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ብዙ ሰው ከጉድጓዱ ያወጣውን ዋልካ መልሶ ግድግዳው ላይ ይደፋዋል። ዋልካ ግን ክረምት ላይ አብጦ ግድግዳውን ይገፋል፤ በጋ ላይ ተሸብሽቦ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃው በዚያ ስንጥቅ ቀጥታ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። እየሰፋና እየጠበበ የሚኖር አፈር መከላከያ አይሆንም።

የምንፈልገው ሸክላ ውሃ የሚይዝ፣ ነገር ግን እብጠቱም መሸብሸቡም መጠነኛ የሆነ ነው። በእንጦጦ ግርጌና በሌሎች የደጋ ተዳፋቶች የሚገኘው ቀይ ሸክላ ብዙ ጊዜ ከዋልካ ይሻላል፤ ሆኖም ቀይ የሆነ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ቀለሙን ሳይሆን ሙከራውን እመኑ። የሚከተሉት አምስት ሙከራዎች ሳይት ላይ ያለ ላቦራቶሪ ይሠራሉ።

የጥብጣብ ሙከራ፦ ከአንድ እፍኝ አፈር ጠጠሩንና ሥሩን ለቅማችሁ አውጡ። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ልስልስ እስኪሆን እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ ስስ ጥብጣብ አድርጋችሁ አውጡት። 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሳይቆረጥ ከወጣ በቂ ሸክላ አለው። 2 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋ ወይም ደለል ይበዛበታል።

የጠርሙስ ሙከራ፦ አንድ ጠርሙስ እስከ ሲሶው አፈር ጨምሩበት፤ ውሃ ሙሉበት፤ ቆንጠር ጨው አክላችሁ በኃይል በጥብጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይረጋል፤ ደለሉ በሁለት ሰዓት ገደማ፤ ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሦስቱን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ። የላይኛው የሸክላ ሌየር ከጠቅላላው ሲሶ ያህል ከሆነ ለሥራው ጥሩ ነው።

የፍርፋሪ ሙከራ፦ አተር የሚያህል ፍርፋሪ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ጣሉና ሳትነኩት ቆዩ። ፍርፋሪው ቢፈርስ ችግር የለውም። ዙሪያው ያለው ውሃ ከደፈረሰና ድፍርሱ አልረጋ ካለ ግን ያ አፈር በውሃ የሚበተን ዓይነት ነው። ውሃ ባገኘ ቁጥር ራሱ ታጥቦ ይሄዳልና አትጠቀሙበት።

የእብጠት ሙከራ፦ የደረቀና በወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር ልኬት ባለው ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሙሉበት። በ24 ሰዓት ውስጥ አፈሩ ከ15 ሚሊ ሊትር በታች ከቆመ ብዙም አያሰጋም። 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ፣ ማለትም እጥፍ ከሆነ፣ ሕንፃ የሚጎዳ አፈር ነው፤ ግድግዳ አጠገብ አይግባ።

የመሸብሸብ ሙከራ፦ ከተለያየ ቦታ ያመጣችሁትን አፈር በተመሳሳይ እርጥበት አሽታችሁ፣ ከሞራሌ በተሠሩ እኩል ሣጥኖች ውስጥ ሙሉና ጥላ ላይ አድርቁ። ከሣጥኑ ጫፍ ብዙ የሸሸውንና መሐሉ ላይ የተሰነጠቀውን ጣሉት፤ ትንሽ የሸሸውን ያዙ።

ሥራው ትልቅ ከሆነ ወይም ሕንፃው ፎቅ ከሆነ አፈሩን ወደ አፈር ላቦራቶሪ ላኩ። ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (አፈሩ እንደ ሊጥ ሆኖ የሚቆይበት የእርጥበት ስፋት) ከ10 እስከ 30 ባለው ውስጥ ቢሆን ለመከላከያ ተስማሚ ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ለመጠቅጠቅም ያስቸግራል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

ከመቆፈር በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ እወቁ

ብዙ የቤዝመንት ውሃ ከመሬት ውስጥ ሳይሆን ከጣሪያ የሚመጣ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 200 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። አሸንዳው ተቀዶ ወይም የአሸንዳው መውረጃ ግድግዳው ሥር የሚደፋ ከሆነ ያ ሁሉ የሚገባው መሠረቱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ አሸንዳውን ጠግኑ፤ መውረጃውን በቱቦ ከቤቱ አርቁ። አንዳንዴ ሥራው በዚሁ ያበቃል፤ ለባለቤቱ ይህን መንገር ደግሞ የባለሙያ ክብር ነው።

ቀጥሎ ቧንቧውን መርምሩ። ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ ከዞረ የተቀደደ መስመር አለ። ሴፕቲክ ታንኩና የሻወር ፍሳሹም በየት እንደሚያልፉ ጠይቁ። ውሃው በጋም ክረምትም እኩል የሚወጣ ከሆነ ዝናብ ሳይሆን ፍሳሽ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ መሆኑን ጠርጥሩ።

በመጨረሻም ላበቱን ከስርገት ለዩ። ግድግዳው ላይ አንድ ካሬ ፕላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ተዉት። ውሃው በክፍሉ በኩል ባለው የፕላስቲኩ ገጽ ላይ ከተገኘ የአየር እርጥበት ነውና ችግሩ የሚፈታው በመስኮትና በአየር ማስገቢያ ነው። በግድግዳውና በፕላስቲኩ መካከል ከተገኘ ግን ከውጭ እየሰረገ ነው።

ጉድጓዱ ሰው እንዳይበላ

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። የተደረመሰ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆን እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል። ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ቦይ ውስጥ ያለ ድጋፍ ማንም አይውረድ። ቦታ ካለ ጎኑን ተዳፋት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ቦታ ከሌለ በሳንቃና በሞራሌ ደግፉ። የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አርቁ፤ መኪናም ወደ ጠርዙ አይጠጋ። መሰላል ሁልጊዜ ውስጥ ይኑር። ሌሊት ዝናብ ከዘነበ ጠዋት ፎርማኑ ጎኖቹን ሳያይ ማንም አይግባ። የቀን ሠራተኛው “እዚህች ብቻ ገብቼ ልውጣ” ቢል እሺ አትበሉ፤ ይህን መከልከል የፎርማኑ ኃላፊነት ነው።

ለቤቱም ተጠንቀቁ። የድንጋይ መሠረት ያለውን ነባር ቤት ዙሪያውን በአንድ ጊዜ አትግለጡት። 2 ወይም 3 ሜትር እየቆፈራችሁ፣ ያንን ጨርሳችሁ ደፍናችሁ፣ ከዚያ አልፎ ያለውን ጀምሩ። ከመሠረቱ ግርጌ በታች አንድ ክንድም አትቆፍሩ።

ግድግዳውንና ማፋሰሻውን ማዘጋጀት

የተገለጠውን ግድግዳ በብሩሽ አጽዱት። ከድንጋዩ መገጣጠሚያ የላላውን ስሚንቶ አውጥታችሁ በአዲስ ሙሉት። አንድ እጅ ስሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ አድርጋችሁ ለስኑት፤ ሲደርቅ ሬንጅ ቀቡት። ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ልስኑን ቀጥ ያለ ማዕዘን ላይ አትተዉት፤ ውሃ እንዳይቆምበት በስሚንቶ ተዳፋት አድርጋችሁ ሙሉት። አብዛኛው ስርገት የሚነሳው ከዚህ መስመርና ቱቦ ግድግዳውን ከሚያቋርጥበት ቀዳዳ ነው።

ከግድግዳው ወደ ውጭ ስትሄዱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የተለሰነው ግድግዳ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሸክላ፣ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ፣ ጠጠር፣ በጠጠሩ ግርጌ የተበሳ ቱቦ። ጨርቁ ሸክላው በውሃ ተገፍቶ ጠጠሩን እንዳይደፍን ይከላከላል። በጠጠሩና በተፈጥሮው አፈር መካከልም ጨርቅ ይግባ። ጠጠሩ የታጠበ ይሁን፤ አቧራ የበዛበት ገረጋንቲ ውሃ አያሳልፍም።

ቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተበሳ ፒቪሲ ሊሆን ይችላል። ከቤዝመንቱ ወለል በታች፣ ነገር ግን ከመሠረቱ ግርጌ በላይ ይቀመጥ። በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ይህን በዓይን አትገምቱ፣ በውሃ ልክ ለኩ። መጨረሻው ወደ ታች ወዳለ ተዳፋት ወይም ፓምፕ ወዳለው መሰብሰቢያ ጉድጓድ ይውጣ። መውጫ የሌለው ቱቦ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በየማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ክዳን ያለው ቱቦ ተዉ፤ ደለል ሲሞላው በውሃ ለማጠብ ያገለግላል።

ሸክላውን ማርጠብና መጠቅጠቅ

ከመኪና የወረደ ሸክላ እንደ ወረደ ጉድጓድ አይገባም። መጀመሪያ ጓሉ ይሰበር። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ጓል ሲጠቀጠቅ ሳይዋሐድ ይቀራል፤ ውሃም በጓልና በጓል መካከል መንገድ ያገኛል። ድንጋዩንና ሥሩን ልቀሙ።

ከዚያ እርጥበቱን አስተካክሉ። ደረቅ አፈር ቢጠቀጠቅ የጠነከረ ይመስላል፤ ውሃ ግን ያሳልፋል። ጭቃ የሆነውም አይጠቀጠቅም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የምትፈልጉት እርጥበት ለዳቦ ከተቦካ ጠንካራ ሊጥ ትንሽ ደረቅ የሚል ነው። ጭብጥ ስታደርጉት የጣታችሁ ቅርጽ ይቀራል፤ መዳፋችሁን ግን አያረጥብም። መሬት ላይ ስታንከባልሉት 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካዊው ራልፍ ፕሮክተር በተዘረጋው ሙከራ ተስማሚውን እርጥበት አውጥቶ ከሰጣችሁ፣ እናንተ ከዚያ በላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ አርጥቡት። ለመንገድ ሥራ ጥንካሬ ይፈለጋልና በልኩ ይሠራል፤ ለውሃ መከላከያ ግን ትንሽ የረጠበው ሸክላ ይበልጥ ይታሻል፤ ክፍተቱም ይዘጋል።

የአንድ ሜትር ኩብ ልቅ አፈርን እርጥበት በ5 በመቶ ለማሳደግ 60 ሊትር ገደማ፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትድፉበት፤ እየረጫችሁ በአካፋ አገላብጡት። ከዚያ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ውሃው ወደ ጓሉ ልብ የሚደርሰው በጊዜ ነው። ያላደረ ሸክላ ላዩ ይረጥባል፤ ውስጡ ደረቅ ይሆናል።

አሁን መጠቅጠቁ። ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ሳንቃ አቁሙ፤ በውስጥ በኩል ሸክላ፣ በውጭ በኩል ጠጠር እየሞላችሁ ሳንቃውን ከሌየሩ ጋር ወደ ላይ አንሱት። አንዱ ሌየር ልቅ ሆኖ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲጠቀጠቅ ወደ 10 ይወርዳል። በዚህ ሒሳብ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 25 ሌየር ይፈልጋል። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሌየሩን አወፍሮ ለመጨረስ የሚመጣውን ፈተና አትቀበሉ። የወፈረ ሌየር ላዩ ጠንክሮ ሥሩ ልቅ ይቀራል።

ለመጠቅጠቅ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ ብረት ላይ የተበየደ ቱቦ እጀታ ያለው የእጅ መጠቅጠቂያ ይበቃል። ከግድግዳው ጀምራችሁ ወደ ውጭ ምቱ፤ እያንዳንዱ ምት በፊተኛው ምት ግማሽ ላይ ይረፍ። መጀመሪያ ድምፁ ድፍን ነው፤ ሌየሩ ሲጠጥር ድምፁ ይጠራል፣ ብረቱም መንጠር ይጀምራል። ሸክላው ብረቱ ላይ ከተጣበቀ ወይም አንዱን ቦታ ስትመቱ ጎኑ የሚነሳ ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ አውጥታችሁ አናፍሱት። የጨረሳችሁትን በአውራ ጣት በኃይል ስትጫኑት ምልክት ብቻ ከቀረበት በቂ ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ውስጥ ከባድ ሮለር ወይም ኢስካቫተር አታስገቡ፤ የሚፈጥረው ግፊት ግድግዳውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ቀጣዩን ሌየር ከማፍሰሳችሁ በፊት የተጠቀጠቀውን ገጽ በዶማ ጫፍ ጭራችሁ ውሃ ርጩበት። ለስላሳ ገጽ ላይ የተደረበ ሌየር አይዋሐድም፤ በመካከላቸው ያለው ስስ መስመርም የውሃ መንገድ ይሆናል። ሥራውን አቋርጣችሁ ወደ ምሳም ሆነ ወደ ቤት ስትሄዱ ሸክላውን በረጠበ ጆንያና በፕላስቲክ ሸፍኑ። ወደ ጎን የምትቀጥሉበትን ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ ደረጃ በደረጃ ተዉት። ቱቦ በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያውን በእጃችሁ አሽታችሁ ሙሉ።

መጠኑን ለማስላት፣ 10 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በ40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 10 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ሸክላ ይወስዳል። ልቁን ስትገዙ እንደ አፈሩ ዓይነት ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል አብልጡ፤ አንድ የሲኖትራክ ጭነት ይበቃችኋል።

የላይኛው ክዳን

ቁፋሮ የማይቻልበት ነባር ቤት ቢሆን እንኳ ይህን ክፍል ብቻውን መሥራት ብዙ ለውጥ ያመጣል። በቤቱ ዙሪያ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጠቀጠቀ ሸክላ አንጥፉ። ከግድግዳው 3 ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከግድግዳው ጋር የቆመው ሸክላ ካለ ክዳኑ ከእርሱ ጋር በጭረትና በእርጥበት ተዋሕዶ ይያያዝ፤ ጠጠሩንም ይሸፍን። ያለዚያ የዝናቡ ውሃ በጠጠሩ በኩል በቀጥታ ወደ መሠረቱ ይወርዳል።

ክዳኑ ተራቁቶ አይተው። በእኛ አገር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ረጅም ነው፤ የተጋለጠ ሸክላም በዚያ ጊዜ ይሰነጠቃል። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር አልብሳችሁ ሣር ትከሉበት፤ ወይም አሸዋና ኮብልስቶን አንጥፉበት። ኮብልስቶን በመገጣጠሚያው ውሃ እንደሚያሳልፍ አትርሱ፤ ያንን ውሃ ወደ ውጭ የሚመልሰው ከሥሩ ያለው የሸክላ ተዳፋት ነው።

ቤንቶናይት፦ የፋብሪካው ሸክላ

ቦታ ጠቦ 40 ሳንቲ ሜትር ሸክላ መጠቅጠቅ በማይቻልበት ጊዜ ቤንቶናይት አማራጭ ይሆናል። እጅግ የሚያብጥ የተፈጥሮ ሸክላ ነው። ለውሃ መከላከያ የሚመረጠው የሶዲየም ዓይነቱ ሲሆን፣ ከምንጮቹ ታዋቂው የአሜሪካው ዋዮሚንግ ነው። በአገራችንም በአፋር ክልል በገዋኔ አካባቢ የቤንቶናይት ክምችት አለ። በሁለት ጂኦቴክስታይል መካከል በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ቤንቶናይት ተሰፍቶበት በጥቅል ይሸጣል። አጥር ለአጥር በተጠጋጉ ይዞታዎች ላይ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ጥቅሉ በቁፋሮው ድጋፍ ላይ ይወጠርና ኮንክሪቱ በላዩ ይሞላል።

ዋልካን የከለከልነው ስለሚያብጥ ነው፤ ታዲያ ቤንቶናይት ለምን ይፈቀዳል? ቤንቶናይቱ ስስ ነው፤ በሁለት በኩል ተጨቁኖ ስለሚቀመጥ እብጠቱ ክፍተት መድፈኛ ይሆናል። ሳይጨቆን ውሃ ከነካው ግን ላልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ጥቅሉን ዝናብ እንዳይነካው ጠብቁ፤ ከተዘረጋም በኋላ ቶሎ ደፍናችሁ ጠቅጥቁ። መደራረቢያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ውሃው ጨዋማ ወይም ካልሲየም የበዛበት ከሆነ እብጠቱ ይቀንሳልና አስቀድማችሁ አስመርምሩ።

ሻጩ ያቀረበላችሁን ዱቄት ለመፈተን 2 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጋችሁ በትኑና አንድ ቀን አቆዩት። ጥሩ የሶዲየም ቤንቶናይት 24 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ይሞላል።

ሸክላ የማይበቃበት ጊዜ

የከርሰ ምድር ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከቤዝመንቱ ወለል በላይ የሚቆም ከሆነ፣ ምንጭ የሚፈልቅ ከሆነ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ካበጠ ወይም አግድም ከተሰነጠቀ፣ ቁፋሮ ሳትጀምሩ መሐንዲስ ጥሩ። የረጠበ ሸክላ ግድግዳን ከጠጠር የበለጠ ይገፋል። በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተሠራ ረጅም ግድግዳ ያንን ጫና መሸከሙ በሒሳብ መረጋገጥ አለበት። “ባለሙያ ይታይበት” ማለት ሥራ አለመቻል አይደለም፤ የሰው ቤት መጠበቅ ነው።

ወቅቱና ርክክቡ

ለዚህ ሥራ የተመቹት ወራት ጥቅምትና ኅዳር ናቸው። ዝናቡ ቆሟል፣ የጉድጓዱ ውሃ ወርዷል፣ አፈሩ ግን ገና እርጥበቱን አልጨረሰም፤ ስለዚህ የምትጨምሩት ውሃ ያንሳል። የበልግ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ክዳኑ ለብሶ ሣሩ ቢተከል ሥሩን ለመስደድ ጊዜ ያገኛል። በሰኔ የሚጀመር ቁፋሮ ለሠራተኛውም ለቤቱም አደጋ ነው።

ስታስረክቡ ለባለቤቱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ስጡት። አንደኛው ቱቦው የሚያልፍበትንና የማጠቢያ ክዳኖቹ ያሉበትን የሚያሳይ ንድፍ ነው፤ ከመደፈኑ በፊት በስልክ የተነሡ ፎቶዎችም ይጨመሩበት። ሁለተኛው ክልከላ ነው፦ ለኬብል፣ ለቧንቧ ወይም ለአበባ ተብሎ ሸክላው አይቆፈር፤ ከተቆፈረም በዚያው ዓይነት ሸክላ በየሌየሩ ተጠቅጥቆ ይመለስ። ባህር ዛፍ አጠገቡ አይተከል፤ ከአፈሩ ውሃ መጥጦ ሸክላውን ያሸበሽበዋልና ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ። ሦስተኛው የዓመት ሥራ ነው፦ በግንቦት አሸንዳው ይጠረግ፤ የቱቦው መውጫ ክፍት መሆኑ ይታይ፤ ክዳኑ ላይ የተሰነጠቀ ወይም የሰመጠ ቦታ ካለ ይሞላ፤ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ውሃው ወደ ውጭ መፍሰሱ ይረጋገጥ።

ሸክላ በቅርብ ሊገኝ የሚችል፣ በእጅ የሚሠራና ብዙ ሰው የሚቀጥር ቁስ ነው። ውጤቱ የሚወሰነው ጓሉን በሰበረው፣ እርጥበቱን በጨበጠው፣ ሃያ አምስተኛውን ሌየር እንደ መጀመሪያው አድርጎ በጠቀጠቀው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የምትቀጥሯቸውን ሰዎች አፈሩን እንዲፈትኑ አስተምሯቸው፤ ለጥንቃቄያቸው የሚገባውን ጊዜና ክፍያ ስጧቸው፤ ዋጋ ስታወጡም ይህን ጊዜ አስቡበት። አንድ ጊዜ በትክክል የተሠራ ሸክላ ባለቤቱን በየዓመቱ ልስን ከማራገፍ ያድነዋል፤ እናንተንም በሥራችሁ ያስጠራችኋል።